ሽምብራ የላቸውም ወይ?

የሰፈራችንን እትዬን ታውቋቸዋላችሁ። ስለ ጠላቸው የጻፍኩት ፖስት ላይ የነበሩት ናቸው፤ "ያ ፌስቡክ የምትለው ሰውዬ አንድ ቀን መጥቶ ይቅመሰው እንጂ በወሬ ብቻ አይሆንም" ያሉት። ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ደህና ዋልክ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና (ከብት የለኝም፣ ግን ሁሌ ይጠይቃሉ) ከተባባልን በኋላ ስልኩን ዘረጉልኝ። ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጃቸው የላከውን መልእክት ታናሺቱ አንብባላቸዋለች፤ አሳስታ ይሆናል ብለው ነው የመጡት። አላሳሳተችም።

"እማ አንድ ኮርስ ተበላሽቶብኝ ዘንድሮ አልመረቅም ለአባቴ ለጊዜው እንዳትነግሪው"

በቃ ይኸው ነው። ሰላምታም የለው፣ አራት ነጥብም የለው።

ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ምርመራው ተጀመረ።

"በአምስት ዓመት ስንት ትምህርት ነው የሚማሩት?"

"ሃምሳም ይሆናል እትዬ፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።"

"የወደቀው አንዷን?"

"አንዷን።"

"እንግዲያው በአርባ ዘጠኙ ያስመርቁልኛ! አንዷ ትቅርብኝ!"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ለምረቃው በጉ ከፋሲካ ጀምሮ ታስሮ እየተቀለበ ነው፤ ጌሾው ተገዝቷል፤ አዲስ ዘመን ከተማ ያለው ወንድማቸው ሚኒባስ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። የእኛ ሰፈር ልጅ ኢንጂነር ሊሆን ነው ተብሎ ስንት ሰው ተጠርቷል።

እንግዲህ አስረዳኝ ተባልኩ። የድሮ ፈተና ወረቀት ገልብጬ በእርሳስ ሳጥን ሳጥን እየሠራሁ ጀመርኩ። ይቺ ኮርስ የምትሰጠው በመጀመሪያው ሰሚስተር ነው። እሷን ያላለፈ ሁለተኛው ሰሚስተር ላይ ያለችውን መውሰድ አይችልም፤ ፕሪሪኩዚት ይሉታል። የወደቀባት ኮርስ ደግሞ የምትመለሰው ከሥሩ ያለው ባች ሲደርስባት፣ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ነው። ተከታይዋ ከእሷ በኋላ። ስለዚህ በአንድ ኤፍ ሁለት ኮርስ ሄደ፣ በሁለት ኮርስ አንድ ዓመት ሄደ። ኮርሱን ያልጨረሰ የመውጫ ፈተና አይቀመጥም፤ የመውጫ ፈተና 50 ያልሞላ ዲግሪ አይሰጠውም።

ሳጥኖቹን ብዙ አዩአቸው። በጣታቸውም ተከተሏቸው።

"ገባኝ። እንደ ጤፍ ነው። ሐምሌን ካሳለፍከው ለሚመጣው ሐምሌ ነው።"

ደስ አለኝ፤ ዛሬም ማስተማር እችላለሁ ብዬ። ደስታዬን ሳልጨርስ ቀጠሉ፦

"ታዲያ ሽምብራ የላቸውም ወይ? ጤፍ ያመለጠው ሰው ርጥበቱ ሳይጠፋ መስከረም ላይ ሽምብራ ይዘራ የለ? ጓያስ ቢሆን? በአንድ ዝናብ ምክንያት መሬቱን ዓመት ሙሉ ጦም የሚያሳድር የት አገር ነው ያለው?"

ሥርዓተ ትምህርት የሚቀርጹ ሰዎች ሆቴል ተከራይተው፣ ባነር ሰቅለው፣ ሁለት ጊዜ ሻይ እየወጡ ይህን ጥያቄ አንስተውት ከሆነ ንገሩኝ።

ሽምብራማ አላቸው እኮ! እኔ ፒጂዲቲዬን (የመምህርነት ዲፕሎማዬን) የተማርኩት በክረምት ነው። ስንቱ የእኛ የእብናት መምህር ነው ዲግሪውን በክረምት የያዘው? ሐምሌ ላይ ግቢው ይከፈታል፣ መምህር ይመደባል፣ ዶርም ይሰጣል፣ ኮርስ በጥቂት ሳምንት ተሰጥቶ ያልቃል። ለአስተማሪ የተቻለ ነገር አንድ ኮርስ ለቀረበት ተማሪ ሲሆን ለምን "ካሌንደሩ አይፈቅድም" ይሆናል? ለአንድ ለሁለት ልጅ ክላስ አይከፈትም የሚለው ይገባኛል፤ በጀት አለ፣ የመምህሩም ዕረፍት አለ። ግን አንዳንዱ ዲፓርትመንት ለጂሲ (ለተመራቂ ዓመት) ተማሪ ለብቻው አስተምሮ፣ ፈትኖ ሲሸኝ አይቻለሁ። ሌላው ሕጉ አይፈቅድም ይላል። ልጁ የሚያልፈው እንግዲህ እንደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ልብ ነው።

ኮሜንት ላይ "መምህር፣ ኤፍ አይኑር ልትል ነው?" ከማለታችሁ በፊት፦ አይደለም። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ እኔ ራሴ ስንቱን ጥያለሁ። ድልድይ የሚሠራልኝ ሰው የድልድዩን ኮርስ ሳያልፍ እንዲያልፍ አልፈልግም። (የእኛን መንገድ የሠራው ሰው ምን እንዳመጣ ባውቅ ደስ ይለኛል፤ ሌላ ቀን።) የማያውቅ ይድገም። የወደቀበትን ኮርስ ይድገም እንጂ ዓመቱን ለምን ይድገም ነው ያልኩት።

ቁጥሩንም እዩት። በብዙ ግቢ ከ30 እስከ 40 ያመጣ ኤፍ ኤክስ ይባላል፤ ድጋሚ ይፈተናል፣ ካለፈ ይቀጥላል። ከ30 በታች ያመጣ ኤፍ ነው፤ ኮርሱን ከሥሩ ይደግማል። እንግዲህ 31 ያመጣው ልጅና 29 ያመጣው ልጅ በዕውቀት ምን ያህል ይራራቃሉ? በአንድ ምርጫ ጥያቄ። በኑሮ ግን በዓመት ይራራቃሉ። ጂፒኤውንም ጨምሩበት፦ በሰላሳ ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት ነው) ሰሚስተር ሁሉንም ሲ እያመጣ በ2.00 የሚሄድ ልጅ አምስት ኢሲቲኤስ የያዘች ኮርስ ላይ ኤፍ ካመጣ የሰሚስተሩ ውጤት 1.67 ይሆናል። ሲጂፒኤው ከ2.00 በታች የሆነ ደግሞ አይመረቅም። ሰቃዩ ልጅ ኤፍ ቢያመጣም ከ3.00 ወደ 2.50 ወርዶ ይተርፋል፤ ዋርኒንግና ዲስሚሳል የሚጠብቀው ያንን ቀድሞም በጥርሱ ይዞ የቆየውን ነው።

ደግሞ ኤፍ ሁሉ ኤፍ አይደለም።

አዎ፣ ጀመረው በሉ። ኤንጂዬን ላወራ ነው። ያልሰማ አዲስ ሰው ገብቶ ይሆናል።

እኛ የሞጁላር ልጆች ነን። 2005 ላይ የመጣው፤ አንዱን ኮርስ በጥቂት ሳምንት ግጠህ ተፈትነህ ወደ ሌላው የምትሻገርበት፣ ጉንፋን ቢይዝህ ግማሽ ኮርስ የሚያመልጥህ። አንድ ለአምስት ተደራጁ ተብለን ሰቃዩ ልጅ አምስታችንን ይዞ እንደ ዶሮ ሲበትነን የነበረበት ዘመን። ሁለተኛ ዓመት ላይ ውጤት ተለጠፈና ከሁሉም ሰው ስም ጎን ፊደል አለ፤ ከእኔ ጎን ኤንጂ። ኖ ግሬድ። መምህራችን ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል፣ የፋይናል ወረቀቴ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኤንጂ ደግሞ እንደ ወተት ነው መሰለኝ፣ ሲቆይ ይበላሻል፤ በተባለው ቀን ካልተስተካከለ ኤፍ ይሆናል። ተፈትኜ፣ አልፌ፣ ወረቀቴ ስለጠፋ ልወድቅ ነው!

ዲፓርትመንት ሄድኩ፤ ኮሌጅ ጠይቅ። ኮሌጅ ሄድኩ፤ ሬጅስትራር። ሬጅስትራር ሄድኩ፤ ዲፓርትመንት በደብዳቤ ካልጻፈ። ዲፓርትመንት ተመለስኩ፤ ጸሐፊዋ ለቅሶ ሄዳለች። ያንን የሬጅስትራር መስኮት የማይረሳ ሰው እጁን ያውጣ። ወገብህ ጋ ነው የተከፈተው። ለማናገር ታጎነብሳለህ፤ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የምታየው አገጭህን ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ለአገጫችን አዝና እንድትሠራልን ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው ብዬ ነበር፤ ግን አላዘነችም። "ሲስተሙ ተዘግቷል።" ማን ዘጋው? ሲስተሙ። ማን ይከፍተዋል? ሲስተሙ።

ወረቀቴ በመጨረሻ ተገኘ። አንድ ደግ ላብ አሲስታንት (እግዜር ይስጠው፣ የትም ይሁን) የመምህሩን ቢሮ አስከፍቶ መደርደሪያ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ አወጣልኝ። ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አለበት፤ ስሜ ላይ በትክክል አርፏል። ቢ ፕላስ! ሻይ ጠጥቶብኝ ቢ ፕላስ!

ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ነገር ስለማይወጣልኝ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ቤት ስደውል "ትምህርት እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ደህና ነው" ነበር የምለው። ጥፋት ሳይኖርብኝ! ወረቀቴን ያጣው ሌላ ሰው፣ የምደብቀው እኔ። እንግዲህ በእውነት ኤፍ የመጣበት ልጅ ምን ይበል?

የእትዬ ልጅ የመጀመሪያው ሰሚስተር ውጤት የወጣ ዕለት ነው ያወቀው። በጉ ሳይታሰር ማለት ነው። ይህን አልነገርኳቸውም፤ ሳጥኖቹን በደንብ ካዩ ራሳቸው ይደርሱበታል፣ ሴትዮዋ ቀላል አይደሉም። ጌሾ ገዛሁ ሲሉት "እሺ እማ" ብሏል። አጎቱ ስለ ሚኒባሱ ሲደውልም እሺ ብሏል። ጓደኞቹ ጋውን ሲለኩ፣ ለመጽሔት ፎቶ ሲነሱ፣ ለመውጫ ፈተና ሲቸክሉ ዶርም ውስጥ አብሯቸው ነበር።

የዚህ ልጅ ባች ዓመት ሲነጠቅ ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። መጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘጋው። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ደብረ ታቦር አፋፍ ደረሰ፤ የከባድ መሣሪያውን ድምፅ ታስታውሳላችሁ። 2016 ላይ የክልላችን ግቢዎች ተማሪ ሳይጠሩ ወራት ቆዩ፤ መቼ ትጠራላችሁ የሚለውን እንኳ በስልክ ዳታ ማየት አይቻልም ነበር። እነዚያ ወራት በማንም ትራንስክሪፕት ላይ አልተጻፉም። አገሪቱ ስታዘገየው "ታገሥ"፣ እሱ በአንድ ኮርስ ሲዘገይ "ደንብ ነው"።

ስለ መውጫ ፈተና አታስጀምሩኝ። 2015 ላይ መጀመሪያ ሲሰጥ ከተፈተኑት ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62፣ ከግሎቹ 17። ያኔም ቢሆን ግን ለወደቀው ሌላ ዙር ተቀጠረለት፤ ስድስት ወር ምናምን ጠብቆ ተመልሶ ተፈተነ። ማለት የአራትና የአምስት ዓመት ትምህርት የሚለካው ትልቁ ፈተና ሽምብራ አለው፣ አንዲት የአምስት ኢሲቲኤስ ኮርስ የላትም። የሚገርም አገር!

ጋፋት እንኳ፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን የሰየመበት ጋፋት፣ መድፍ አቅልጦ ለመሥራት የተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች ከሽፈዋል። ቴዎድሮስ "ኮርሱ የሚሰጠው ለሚቀጥለው ባች ነው" ቢሉ ኖሮ ሴባስቶፖል የተባለው መድፋቸው አሁንም አፈር ነበር። (ቴዎድሮስ ሬጅስትራር ቢሆኑስ ብዬ አስቤ ደግሞ ደነገጥኩ። ይቅር።)

እትዬ ሊሄዱ ሲነሡ የጠየቅኳቸው ስለ አባትየው ነበር። "እንዳትነግሪው ብሏል፣ ምን ሊያደርጉ ነው?" አልኳቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ፦

"እነግረዋለሁ እንጂ! ልጁ አባቱን አያውቀውም። ቆሎ ተማሪ ሳለ ጾመ ድጓው አልሆንህ ብሎት ስንቴ ከየኔታ ፊት እንደተመለሰ እኔ ነኝ የማውቅ። ድገም ሲሉት ይደግማል። ውሻ እየነከሰው ይደግማል።"

እውነት ነው። ጋይንት፣ ቤተልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የወረደ ተማሪ፣ ዙር አምባ ዝማሬ መዋሥእት የሄደ ተማሪ፣ ያልያዘውን ቦታ ይመለስበታል እንጂ ባች አለፈህ የሚለው የለም። ባች የለማ! አንዱ ቶሎ ይወጣል፣ አንዱ ዓመታት ይቀመጣል፣ ሁለቱም የተመሰከረላቸው ዕለት እኩል መሪጌታ ናቸው። አላሳምረውም፤ በቁራሽ እየኖሩ ነው፣ ስንቱ በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ ቀርቷል። የግቢ ካፌ ወጡን ስንት ስም አወጣንለት እንጂ ቢያንስ በር ላይ ውሻ የለውም።

ቢሆንም እኔ የፈራሁት ለልጁ እንጂ አባትየውን አልነበረም። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፣ ይጠራል፣ አያነሣም። ቴሌግራም ላይ ጻፍኩለት፤ አይቶታል፣ ሁለቱ ምልክት መጥቷል፣ መልስ የለም። በጉ አሁንም ታስሯል። "እስኪ ያ ፌስቡክ የሚባለው ሰውዬ መላ ካለው ጻፍለት" ያሉኝ ራሳቸው ስለሆኑ ነው የጻፍኩት፤ ስምም ግቢም አልጠቀስኩም፣ እናንተም ኮሜንት ላይ ለመገመት አትሞክሩ።

ሲቪል ኢንጂነሪንግ የጨረሳችሁ፣ ዲፓርትመንት ውስጥ የምትሠሩ፣ አካዳሚክ ኮሚሽን ላይ የምትቀመጡ፦ ለጂሲ ተማሪ የቀረችውን ኮርስ በክረምት ያስጨረሰ፣ ወይም ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲወስድ የፈቀደ ዲፓርትመንት የምታውቁ፣ ማመልከቻው ለማን እንደሚጻፍ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ነገ ጠዋት እትዬ ይመጣሉ። "አይዞህ በለው" ለማለት ብቻ የምትጽፉ አትድከሙ፤ ስልክ አያነሣም ብያችኋለሁ።