ቤንዚን፣ ወሎ እና የራጉኤል ማታ

የ66ቱን አብዮት ስንማር መፈክሩ ነው የሚቀድመው። «መሬት ለአራሹ»፣ የተማሪው ሰልፍ፣ ከዚያ ደርግ። ቤንዚን የሚባል ነገር ከመማሪያ መጽሐፉ ትዝ አይለኝም። ከተማዋን ቀጥ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ግን እሱ ነበር።

ነገሩ ከሩቅ ነው የመጣው። በ1966 መጀመሪያ አረቦችና እስራኤል ተዋጉ፤ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ወደ አራት እጥፍ ተሰቀለ። እኛ ጋ የካቲት ላይ ቤንዚን 50 በመቶ ገደማ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን አስተማሪዎችም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ። መንግሥት ደንግጦ ዋጋውን ቀነስ አደረገ፣ ለወታደሩ ደመወዝ ጨመረ፤ አልበቃም። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። ዘጠኝ ቀን!

ወታደሩማ ከዚያ በፊት ጀምሮታል። ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና ላይ ያመፀው የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም ስላሉት ነው። ሊያረጋጋ የተላከውን ጄኔራል ይዘው ያንኑ የእነሱን ምግብ አበሉት። (ከአብዮቱ ታሪክ ሁሉ በጣም የምወደው ይሄን ነው።)

የሚከብደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። 1965ን ሙሉ ወሎ ውስጥ ሰው በአስር ሺዎች እየረገፈ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው አይተው፣ ፎቶ ይዘው መጥተው አሳይተዋል። ወደ አዲስ አበባ ተሰልፈው የመጡ ገበሬዎችንም ፖሊስ መልሷቸዋል። ከተማው ግን አልቆመም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ኋላ ላይ ቁጥሮቹን ሲመረምር ያገኘው ነገር ያስደነግጣል፤ ደሴ ገበያ ላይ እህል ያን ያህል አልተወደደም ነበር። ማሳው የደረቀበት፣ ከብቱ ያለቀበት ገበሬ መግዣ ስለሌለው ገበያው እሱን እንደ ገዢ አልቆጠረውም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይጫን ነበር።

ፈረንሳይ ውስጥም የተራበው ሰው ብዛት ብቻ አይደለም ንጉሡን የጣለው። በፈረንጆቹ 1789 ሐምሌ አጋማሽ፣ የዳቦ ዋጋ ጣራ በነካበት ሰሞን፣ ባስቲል ተሰበረ። በጥቅምት ደግሞ የፓሪስ ሴቶች ዳቦ እያሉ ቬርሳይ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ነው። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ የሚራብና ተራራ ማዶ የሚራብ እኩል አይሰማም።

ወሎ አዲስ አበባ የገባችው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው፣ ያውም በቴሌቪዥን። ዕለቱ እንቁጣጣሽ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ የራጉኤል ንግሥ። ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀላቅሎ አሳየ። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። የወሎ ሙታን ሊታዩ የቻሉት ለሥልጣን ሲፈለጉ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

ቅርብ ሆኖም የማይሰማ አለ። ከራጉኤል በታች ባለው መንገድ ሴቶች እስከ ዛሬ የባህር ዛፍ እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። ባለታክሲ መኪናውን ቢያቆም ከተማ ይቆማል፤ እነሱ ቢያቆሙ የሚቆመው የራሳቸው ምሳ ነው። ባለፈው ነዳጅ የጨመረ ሰሞን አንዷን እናት፣ «እማማ፣ እርስዎስ እንጨቱ ላይ ጨመሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«በማን ላይ ልጨምር ልጄ? የሚገዛኝም እንደኔው ነው።»

ሸክሙን አላወረዱትም። ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁለቱን ያዙት።