ወደ ጭፍራ ለሚወርድ ቤተ ሰብ የሚያስፈልግ መሰናዶ

ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው። የወሎ ነጋዴ እህሉን ጭኖ ወደ አፋር ገበያ ይወርዳል፤ አፋሩም ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ወደ ተራራው ግርጌ ይቀርባል። ሁለቱ ከሚገናኙባቸው ሥፍራዎች አንዷ ጭፍራ ናት። ዛሬ ግን ወደዚያ የሚወርደው ነጋዴ ብቻ አይደለም። በመምህርነት ወይም በነርስነት የተመደበ ልጇን ለመጠየቅ የምትሄድ እናት አለች፤ ሕፃናቱን ይዞ ሥራ ወደ ተሰጠው ቦታ የሚዛወር አባት አለ፤ ሀገሩን ለማየት የሚጓዝ ወጣትም አለ። እነዚህ ሁሉ ሻንጣቸውን ሞልተው ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር ስላለ፥ ስለ እርሱ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ይኸውም ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ከዕቃው በፊት ልማዱ መሰናዳት የሚገባው መሆኑ ነው።

አስቀድመን የሀገሩን አቀማመጥ እንመልከት። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፥ ጭፍራ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። ከጭፍራ ወደ ምሥራቅ እስከ ሚሌ ሲወርዱ የሚቀረው ከፍታ 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሰመራ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፥ ጧት በወልድያ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ በዚያው ዕለት ቀትር ላይ ሸሚዙ ይከብደዋል። ሰውነት ግን እንደ መኪና ቶሎ አይወርድም። አካል ሙቀትን እስኪለምድ ድረስ ከ1 እስከ 2 ሳምንት የሚፈጅ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከባድ ሥራ መጀመርና ረጅም መንገድ በእግር መሄድ አይገባም። ለአረጋውያን፥ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። የስኳር፥ የደም ብዛት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሳይነሣ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሁለተኛው ነገር የጉዞው ወራት ነው። አፋሮች ዓመቱን በራሳቸው አቈጣጠር ይከፍሉታል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያለውን ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ጊላል፥ የበልጉን ዝናብ ሱጉም፥ የግንቦትንና የሰኔን ብርቱ ሐሩር ሐጋይ፥ የክረምቱንም ዝናብ ካርማ ይሉታል። ምርጫ ያለው ቤተ ሰብ በጊላል ይውረድ። በሐጋይ በሰመራና በአካባቢው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። በካርማ የሚሄድ ሰው ደግሞ ደረቅ የወንዝ አሸዋ አያታልለው፤ በደጋው ላይ የጣለው ዝናብ እታች አንድ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሆኖ በድንገት ይደርሳልና። በተራራው ላይ ደመና ጠቁሮ ሲታይ በወንዝ ውስጥ ማረፍም ሆነ መኪና ማቆም አይገባም።

መንገዱ ከወልድያ ለሚነሣ በሀራ በኩል ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ደግሞ በአዋሽና በገዋኔ አልፎ ሚሌ ከደረሰ በኋላ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። አቅም ያለው እስከ ሰመራ በአውሮፕላን ሄዶ የቀረውን በመኪና መጓዝ ይችላል። በማንኛውም በኩል ቢሆን ስለ መንገዱ ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ጭፍራ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰባትና ሕዝቧ የተሰደደባት ከተማ ናት፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሞ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ከቀዬው ተነሥቷል። ስለዚህ ልጆች በሜዳ ያገኙትን የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ ወላጆች አጥብቀው ያስጠንቅቁ።

ስለ ማረፊያ ቤት የምንለው አጭር ነው። ሰፊ ሆቴል የሚፈልግ በሰመራ ያገኛል፤ በትንንሾቹ ከተሞች ያለው ግን ቀላል የአልጋ ቤት ነው። አልጋ ከመያዝ በፊት ውሃው በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፥ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር እንዳለ፥ ማራገቢያውም እንደሚሠራ ይጠየቅ። በአፋር ከተሞች በሙቀቱ ጊዜ አልጋ ወደ ግቢ አውጥቶ ማደር የተለመደ ስለ ሆነ፥ እንግዳው በዚህ አይደነቅ፤ የሌሊቱ ነፋስ ከጋለ ግድግዳ ይሻላልና። ነገር ግን የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ አጎበር ከቤት ይዞ መሄድ፥ ጠርዙንም ከፍራሹ ሥር መወተፍ ያስፈልጋል።

ልብስ ሰፊ፥ ስስና ነጭ የጥጥ ልብስ ይሁን። ነጠላችን ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ከፀሐይ ይጋርዳል፥ ነፋስ ያስገባል፥ በሀገሩም ሰው ፊት ጨዋነት ነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ በአዋሽ ሸለቆ ስለ ተስፋፋ፥ እሾሁም ጎማ ስለሚበሳ፥ የተሸፈነ ጫማና ትርፍ ጎማ አይቅር።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ይታሰብ፤ ከመጠጡ በቀር ለመኪናውም ለብቻው በጄሪካን ይያዝ። ጥማት እስኪመጣ አይጠበቅ። ተቅማጥ ለያዘው ሰው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ደጋግሞ ማጠጣት ይጠቅማል። በሙቀት ተመትቶ ሰውነቱ የጋለና ንግግሩ የተዛባ ሰው ቢገኝ፥ ወደ ጥላ ወስዶ በርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዙ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው፤ ራሱን ለሳተ ግን በአፉ ውሃ አይሰጥም። ለከባድ ሕመም በዱብቲ ሆስፒታል መኖሩን ማወቅ መልካም ነው። ሕፃን ልጅን በተዘጋ መኪና ውስጥ ለአንድ አፍታ እንኳ ትቶ መውረድ ፈጽሞ አይገባም።

ለስንቅ የእናቶቻችን ጥበብ ይበቃል። እንጀራ በሙቀት ቶሎ ስለሚሻግት ድርቆሽ፥ በሶ፥ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ይሰናዱ። ይህ ለጾሙም ሆነ ለፍስኩ ይረዳል፤ በዚያ የሚታረደው ሥጋ ባብዛኛው የእስላም ስለ ሆነ ክርስቲያን መንገደኛ የራሱን ስንቅ ቢይዝ አይቸገርም። ወተት ቀርቦለት ጾመኛ የሆነ ሰው «ጾም ላይ ነኝ» ብሎ በትሕትና ቢናገር የሚያስቀይመው የለም፤ አፋሩም የሚጾም ሕዝብ ነውና ነገሩን ይረዳል። በጾም ወራት የሚወርድ ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ግን ከመነሣቱ በፊት የንስሐ አባቱን ያማክር። ባንክና ስልክ በመብራት ምክንያት ስለሚቋረጡ ጥሬ ገንዘብም ይያዝ።

እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ በገንዘብ ይገኛል። የማይገዛው የሰዓት ልማድ ነው። ደገኛ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ የቆላ ሰው ግን ቀኑን ከፀሐይ ጋር ተማክሮ ይከፍለዋል። ሳይነጋ ይነሣል፤ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ጉዳዩን ይፈጽማል፤ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት በጥላ ይቆያል፤ ሲበርድ እንደ ገና ይወጣል። ፍየሎቹ እንኳ በቀትር ከግራር ሥር ናቸው። የሀገሩን ሰርዶ በሀገሩ በሬ እንደሚባለው፥ እንግዳውም ይህን ሥርዓት ቢከተል ግማሽ መድኃኒቱን አገኘ። በቀትር የሚተኛውን ሰው ሰነፍ ብሎ የሚፈርድ ግን በሦስተኛው ቀን ራሱ ይታመማል።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ሰላምታ አለ። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ የየት ሀገር ዝናብ እንደ ዘነበ፥ ውሃና ግጦሽ የት እንዳለ፥ የትኛው መንገድ ሰላም እንደ ሆነ ያዩትንና የሰሙትን በእርጋታ ይነጋገራሉ። ሐሰት ማቀበል በዚህ ሥርዓት ነውር ነው። ስለዚህ መስታወት ዝቅ አድርጎ «መንገዱ በየት ነው?» ብሎ የሚጮኽ መንገደኛ ሁለት ነገር ያጣል፤ ክብሩንና እውነተኛውን ወሬ። ወርዶ ሰላም ያለ፥ የራሱንም ወሬ የነገረ ግን ስለ ጎርፉና ስለ ጸጥታው ከማንም በላይ ይረዳል። የሰውንም ሥዕል ያለ ፈቃዱ አያንሣ።

ጊዜ ያለው ቤተ ሰብ ከጭፍራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለውን የሐዳርን ምድር ለማየት ይመኝ ይሆናል። በዚያ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ተገኝታለች። ነገር ግን ሥፍራው ከከተማ የራቀ ምድረ በዳ ስለ ሆነ፥ ያለ ፈቃድና ያለ ሀገሩ መሪ አይሞከርም።

በመጨረሻም የዚህ ጉዞ ጥንቃቄ ቤት በገቡ ዕለት አያበቃም። ወባ በሰውነት ውስጥ ተደብቃ ከሳምንታት፥ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ትነሣለች። ከቆላ ከተመለሱ በኋላ ከቤተ ሰቡ አንዱን ትኩሳት ቢይዘው፥ ብርድ ነው ብሎ ጋቢ ከመደራረብ ይልቅ ወደ ሐኪም ወስዶ «አፋር ወርደን ነበር» ብሎ መንገር ያሻል። ይህች አንዲት ቃል ደሙ በጊዜ እንዲመረመር ታደርጋለች፤ ነፍስም ታድናለች።