«የጾም ወተት» ብዬ የጻፍኩት ወረቀት

እኔ የምለው፣ ነጋዴ የሚዋሸው ሁልጊዜ አውቆ ይመስላችኋል? የራሴን ልንገራችሁና ፍረዱ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ የስልክ ካርድ፤ በቃ የሀበሻ ሱቅ ስትባል የምታውቋት ዓይነት። ዐቢይ ጾም ሲገባ «ለማኪያቶ የሚሆን የጾም ነገር የለህም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይበዛብኛል። የአኩሪ አተር ወተት ነበረኝ፤ ግን ሽታው አልስማማ ያለው ሰው ብዙ ነው። አንድ ቀን ከእስያዎች ሱቅ ጥቂት ጣሳ የኮኮነት ወተት ገዝቼ ባስቀምጥ በሁለት ቀን አለቀ። ታዲያላችሁ ንግድ የሚሉት ነገር ራሴ ላይ ወጣ። ከሁለት ባለሱቅ ጓደኞቼ ጋር «ለምን ራሳችን ከታይላንድ አናስመጣም?» ተባባልን።

ብዙ ሰው የኮኮነት ወተት ማለት ፍሬው ሲሰበር የሚፈሰው ውሃ ይመስለዋል። አይደለም። ነጩ ሥጋው ይፈገፈግና በውሃ ታሽቶ ይጨመቃል። የሱፍ ውሃ ያጠለለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሰፈራችን ያሉ አንዲት እማማ ይህን ስነግራቸው «እና ሱፍ ነዋ!» ብለው ገላገሉኝ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ የኮኮነት ወተት ለመባል ቢያንስ 10 በመቶ ስብ ይኑረው ይላል፤ ክሬም ለመባል 20። ከዚያ ያነሰውና የቀጠነው «ላይት» ነው።

የመጀመሪያው ጭነታችን በጣሳ ነበር። ወደቡ ላይ ቆመ። ምን አጠፋን ብንል ትራንዚተራችን አስረዳን። የኮኮነት ወተት እንደ ሎሚ ወይም እንደ ቲማቲም ኮምጣጣ አይደለም። ፒኤች የሚሉት መለኪያው ከ4.6 በላይ ሆኖ አየር በሌለበት ጣሳ የሚታሸግ ምግብ በደንብ ካልተቀቀለ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣ ተሐዋሲ ይራባበታል። ስለዚህ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፋብሪካውን ይመዘግባል። ያም አይበቃም፤ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚቀቀል ለየምርቱና ለየጣሳው መጠን ለየብቻ መቅረብ አለበት። የኛ ፋብሪካ ትልቁን ጣሳ አስመዝግቧል፤ እኛ ያዘዝነው ትንሹን ነው። እስኪስተካከል ዲመሬጁ እየቆጠረ ትርፋችንን በላው።

ጣሳው በመጨረሻ ሲገባ ደግሞ የካቲት ነው፤ ብርድ። የኮኮነት ስብ ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል። ጣሳው ሲከፈት ከላይ ነጭ ድፍን፣ ከታች ውሃ። ምን አለፋችሁ፣ ግማሹ ደንበኛ መልሶ አመጣልኝ። «ይኼማ ቅቤ ነው! በጾም ቅቤ ትሸጥልን?» ያለችኝም ነበረች። ሞቅ አድርጋችሁ በጥብጡት ብል ማን ሰምቶኝ!

በሁለተኛው ዓመት ጣሳውን ትተን ዱቄቱን አመጣን። ቀላል ነው፣ አይረጋም፣ ያ ሁሉ የጣሳ ምዝገባም አይመለከተውም። አንድ ማንኪያ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ጣል ማድረግ ነው። ከረጢቱ ላይ ኮኮነትና ባሕር ዳርቻ ተሥሏል። እኔም ካርቶን ቆርጬ፣ በወፍራም ማርከር «የጾም ወተት» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩና ከላዩ ለጠፍኩበት። ሕዝቡ ተሻማ።

እማማ የልጅ ልጅ አሏቸው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ወተት አይስማማትም። ሆዴን ቆረጠኝ የሚባለው ዓይነት ሳይሆን ጉሮሮ የሚዘጋው ዓይነት። ልጅቷ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ የከረጢት ጀርባ ሳታነብ አፏ ውስጥ ምንም እንዳታስገባ ተምራለች። ሆሣዕና ሊገባ ሰሞን እማማ ለራሳቸው ሲያፈሉ «ለአንቺም ላድርግልሽ፣ የጾም ነው፣ አይነካሽም» አሏት። ልጅቷ ከረጢቱን ገልብጣ አነበበች።

በማግስቱ ሱቅ መጡ። አልጮኹም። ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ እስቲ ይኼን አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩ። ሶዲየም ኬዚኔት፣ በቅንፍ የወተት ተዋጽኦ። ከሥር ደግሞ በደማቁ፣ ወተትና ኮኮነት አለበት ይላል። የ2004ቱ የአለርጂ ሕግ ከ2006 ጀምሮ ፋብሪካዎችን ያስገደዳቸው መሆኑ ነው። (ኮኮነትን ራሱን መሥሪያ ቤቱ ያኔ ከለውዝ ወገን ይቆጥረው ነበር፤ ያወጣው በጥር 2025 ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ስብ የበዛበት ፈሳሽ ብቻውን ዱቄት ልሁን ቢል እሺ አይልም፤ ይጣበቃል። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ሲያደርቁት ስቡን እንዲሸፍንላቸው ከላም ወተት የሚወጣ ፕሮቲን ይጨምሩበታል። በሌላ ነገር የሚሠሩም አሉ፤ የኔው ግን የላሙ ነበር። ቅቤ ነው ተብሎ የተመለሰብኝ ጣሳ ንጹሕ ጾም፣ ሕዝብ የተሻማበት ዱቄት ፍስክ!

ፋብሪካው አልዋሸም። በእንግሊዝኛ፣ በትንሽ ፊደል፣ እውነቱን ጽፎ ነበር። የዋሸው በትልቁ የተጻፈው የኔ አማርኛ ነው። ሰዉም ጀርባውን ያላገላበጠው የኔን ጽሑፍ አምኖ ነው። «ሳላውቅ ነው እማማ» አልኳቸው። «ጾሙንስ እግዜር ያውቃል፤ ልጅቷን እኮ ነው የምልህ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ ከእስያ የገቡ የኮኮነት መጠጦች፣ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ የላም ወተት ተገኝቶባቸው ተራ በተራ ከገበያ ሲሰበሰቡ፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መጠጥ የጠጣ አንድ ልጅም እንደሞተ ሳነብ፣ ያ ካርቶን ላይ የጻፍኩት ጽሑፍ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው።

የቀረውን ዱቄት አነሳሁት። የገዙትን የማውቃቸውን እየደወልኩ ነገርኩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቀየመ፣ አንዷ እስከ ትንሣኤ አላናገረችኝም። ወደ ጣሳው ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ ከሌላ አስመጪ፣ በጅምላ።

እማማ ደንበኝነታቸውን አልተዉም። ግን ያን ዕለት የጀመሩትን ነገርም አልተዉትም። ሱቁ በሰው ተሞልቶም ቢሆን ጣሳውን ያቀብሉኝና «አንብብ» ይሉኛል። እኔም እንደ ዲያቆን ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ እየመለስኩ አነባለሁ።

«የኮኮነት ጭማቂ፣ ውሃ፣ ጓር ገም...»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«የጥራጥሬ ዘር ነው እማማ፤ እንዲወፍር ነው።»

«እሺ፣ ቀጥል።»

«ፖሊሶርቤት 60።»

«እሱስ?»

ይህን አስቀድሜ አጣርቼ ነበር። «ውሃውና ስቡ እንዳይለያይ ነው። የሚሠራው ከአትክልት ዘይትም፣ ከእንስሳ ስብም ሊሆን ይችላል።»

«ይኼኛው ከየትኛው ነው?»

«እሱን አልጻፉም።»

እማማ ጣሳውን ተቀብለውኝ ወደ መደርደሪያው መለሱትና ሁለት እንጀራ ይዘው ሄዱ።