የምን ሲሶ?

«ለክፍልፋይ ስታካፍል ገልብጠህ አባዛ!» ይህችን ቃል ሁላችንም እንደ ዳዊት ደግመናታል። ለምን ይገለበጣል ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን ጥቂቱ ነው። ኢኩዌሽኑ በእንግሊዝኛ መጣ፣ ኤክስም አብራው መጣች፣ ገለበጥን፣ ፈተናውን አለፍን።

ነገሩ ግን ከእንግሊዝኛው በፊት ቤታችን ነበረ። ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩሌታ የአያቶቻችን ቃላት ናቸው፤ የዓመት ቀለባቸውን በአውድማ ላይ የለኩባቸው። ሲሶ አራሽ የነበረ አያታችን የባለመሬቱን ሲሶ ሰፍሮ 8 ኩንታል ጤፍ ቀረው እንበል። ጠቅላላው ስንት ነበር? በኛ አጻጻፍ 2/3 ኤክስ = 8 ነው፤ 8ን ለ2/3 ማካፈል ማለት ነው። እሱ ኤክስን አያውቃትም። «የቀረኝ ከሦስት እጅ ሁለቱ ነው፤ አንዱ እጅ 4 ከሆነ ሦስቱ 12 ነው» ይላል። ለ2 አካፈለ፣ በ3 አባዛ። በ3/2 ማባዛት እኮ ይኸው ነው! መገልበጡ የሄደውን መልሶ የመቁጠሪያ መንገድ ሆኖ ተገኘ።

አሥራት ሲጨመርበት ደግሞ እንየው። ከ20 ኩንታል አስቀድሞ አሥራቱ 2 ይነሣል፤ ከቀረው 18 ሲሶው 6 ይወጣል፤ ለአራሹ 12 ይተርፋል። 9/10 በ2/3 ሲባዛ 3/5 ሆነ ማለት ነው። ባለመሬቱ «የለም፣ ሲሶዬ ከጠቅላላው ነው» ያለ እንደሆነስ? ያን ጊዜ የሚወስደው 6 ኩንታል ከ2/3 ይሆንና ከአራሹ ጎተራ 67 ኪሎ ያህል ይጎድላል። ሲሶው ያው ሲሶ ነው፤ የምን ሲሶ እንደሆነ ብቻ ተለወጠ። 67 ኪሎ ደግሞ የልጆች የክረምት እንጀራ ነው።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የጭሰኝነትን ውል ሻረው፤ ያ ስፍርም ከአውድማው ተነሣ። ጥያቄው ግን አሁንም ከኛ ጋር ነው፤ ደመወዝ ሲቆረጥ፣ ወለድ ሲታሰብ፣ ትርፍ ሲካፈሉ፣ የምን ሲሶ ማለት ያስፈልጋል።

እንግዲህ በዚህ ክረምት ታናናሾቻችንን ለማስጠናት የምንቀመጥ ሁሉ፣ «ገልብጥ» ከማለታችን በፊት አንድ ቁና ሽምብራ ፊታቸው እናፍስስ። ሦስት ቦታ ይክፈሉት፣ ሁለቱን እጅ ይዘው ጠቅላላውን ይፈልጉት። ገልብጡ የሚለውን ደንብ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ነገ ሚዛን ፊት ሲቆሙም የሚጠይቁትን ያውቃሉ።