አንድ ሌሊት በአምበር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን ሲያልፍ ወደ ዓባይ በረሓ ቁልቁል ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይም ተሻግሮ እንደ ገና ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የበረሓው ሙቀት ይቀርና የደጋው ሜዳ ይዘረጋል፤ የጤፉና የስንዴው ማሳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይታያል። ሉማሜን አልፎ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ የሚያገኘው ከተማ የአነደድ ወረዳ መቀመጫ የሆነው አምበር ነው። ብዙው መንገደኛ ግን በመስኮት አይቶት ያልፋል።

እኔም እንደ ሌላው ሰው ብዙ ጊዜ አይቼ አልፌው ነበር። በ2015 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ግን የተሳፈርሁበት መኪና ተበላሽቶ አምበር ላይ ቆመ። ፀሓይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበርና ውሃ ለመግዛት ከመንገድ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ገባሁ። አንድ ወጣት ተቀምጦ ስልኩን ይመለከታል። «ጤና ይስጥልኝ» ብለው ቀና አላለም። ውሃ እንዳለው ብጠይቀው «የለም» አለኝ፤ ከወዴት እንደሚገኝ እንኳ ሊያመለክተኝ አልፈቀደም።

መኪናው በዚያ ምሽት የማይጠገን መሆኑ ታወቀ። ሻንጣዬን አጠገቤ አድርጌ ከመንገድ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ ያው ወጣት ሱቁን ዘግቶ ሲያልፍ አየኝና ቆመ። «ጋሼ፥ የሚያድሩበት አለዎት?» አለኝ። እንደሌለኝ ብነግረው ሻንጣዬን አንሥቶ ወደ ወላጆቹ ቤት ወሰደኝ። አባቱ እስከ ደጅ ወጥተው ተቀበሉኝ። ልጁም ውሃ አሙቆ እግሬን አጠበኝ፤ እራት ሲቀርብም እኔ በልቼ እስክጠግብ ድረስ አልተቀመጠም። «ይጨምሩ እንጂ፥ በሞቴ» እያለ ያጎርሰኝ ነበር።

ነገሩ ቢያስገርመኝ፥ ማምሻውን በሱቅ ያየሁት ሰውና ይህ ሰው እንዴት አንድ ሊሆኑ እንደ ቻሉ ጠየቅሁት። እርሱም ሳቅ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ያ የሰው ሱቅ ነው፤ እዚያ ቅጥረኛ ነኝ። እዚህ ግን የቤቱ ልጅ ነኝ» አለኝ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈትኖ እንዳላለፈና በሱቅ የተቀጠረውም ሌላ መንገድ ስላጣ እንደ ሆነ ጨምሮ ነገረኝ።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፥ ይህ ልጅ ብቻውን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆነዋል። የቀሩት ከሚጠብቋቸው ሥራዎች አንዱ በሱቅ፥ በምግብ ቤት፥ በእህል መጋዘንና በመኪና መናኸሪያ ሰውን ማስተናገድ ነው። ዳሩ ግን ትምህርት ቤቱ ለዚህ ሥራ አላዘጋጃቸውም፤ ይባስ ብሎም የወደቁ ሰዎች ሥራ መስሎ ይታያቸዋል።

ጉድለቱ የጨዋነት አይደለም፤ ጨዋነቱ ከቤት ደጃፍ ላይ መቆሙ ነው። አባቶቻችን በግብር አዳራሽ ጠጅ የሚያሳልፈውን ሰው ያከብሩት ነበር፤ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ግን ይንቁ ነበር። ሰውን በገንዘብ ማገልገል ክብርን ዝቅ ያደርጋል የሚለው አሳብ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ድልድዩን ለመሥራት የረዱን ጃፓኖች በትምህርት ቤታቸው ልጆቹ ምሳውን ራሳቸው በተራ ለጓደኞቻቸው እንዲያድሉ ያደርጋሉ። የባለጠጋም ሆነ የድኻ ልጅ ተራው ሲደርስ ያገለግላል፤ ስለዚህ ማገልገልን እንደ ውርደት አይቈጥረውም። እኛም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህን ብናስተምር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንዱ ሻጭ ሌላው ሸማች እየሆነ በክፍል ውስጥ ይለማመዳል፤ ጓደኞቹም ጉድለቱን ይነግሩታል። ትምህርቱም አስቀድሞ ሰላምታ መስጠት፥ ዋጋን ለሁሉ አንድ አድርጎ መናገር፥ ገዢው እያየ መመዘን፥ የሌለው ዕቃ ከወዴት እንደሚገኝ ማመልከት፥ ቅር ያለውን ሰው ሳያቋርጡ መስማት፥ ጥፋትም ቢኖር ይቅርታ ብሎ መተካት ነው። በመሥሪያ ቤት ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» እያለ የሚያመላልሰው ጸሓፊም ትናንት ተማሪ ነበርና ይኸው ትምህርት ለመንግሥት ሥራም ይጠቅማል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በዐማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ላቋረጡት ልጆች ደጁ ሲከፈት የሚያኖራቸውን ሙያ አብሮ ማስተማር ይገባል።

በማግሥቱ ስንነሣ ልሰናበተው ወደ ሱቁ ጎራ አልሁ። ልጁ ገና ሲያየኝ ብድግ ብሎ «ጋሼ፥ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ደስ አለኝ። ከኋላዬ ግን አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ጨው ልትገዛ ገባች። ልጁ ተመልሶ ተቀመጠና ስልኩን አነሣ። እኔ የቤቱ እንግዳ ነበርሁና ተነሣልኝ፤ እርስዋን ግን አያውቃትም። ይህ ትምህርት የሚያስፈልገው ስለዚህች ሴት ነው።