ኑዛዜያችሁን ጽፋችኋል?

ርእሱን አይታችሁ ወደሚቀጥለው ገጽ ለማለፍ እንደፈለጋችሁ እገምታለሁ። ጥቂት ታገሡኝ። እኛ የወንጌል አማኞች ስለ ሰማዩ ቤታችን እንባችን እየፈሰሰ እንዘምራለን። ነገር ግን አባወራው ራት ላይ ተቀምጦ «እኔ ብሞት ይህ ቤት የማን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ «ኧረ በኢየሱስ ስም! ሟርት አታውራ» ተብሎ አፉ ይዘጋል። ሞትን በክርስቶስ ድል የነሣን ሰዎች ስሙን እንኳ ለመጥራት መፍራታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምናልባትም «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ኃጢአትን ለካህን መናዘዝን ስለሚያስታውሰን ይሆናል የእኛ አይመስለንም።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ስለዚህ ጉዳይ አያፍርም። አብርሃም ያለውን ሁሉ ለይስሐቅ ሲሰጥ፣ ለቁባቶቹ ልጆች ደግሞ ገና በሕይወት ሳለ ስጦታ ሰጥቶ ነው ያሰናበታቸው (ዘፍ. 25፥5-6)። ከሞተ በኋላ ይጣሉ ይሆናል ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች የአባታቸውን ርስት ለመጠየቅ በሙሴና በማኅበሩ ፊት ሲቆሙ፣ እግዚአብሔር ትክክል ናቸው ብሎ ፈረደላቸው (ዘኍ. 27፥1-7)። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መካከል፣ እናቱ ከማን ጋር እንደምትኖር አደራ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)።

በአጥቢያችን በሽማግሌነት ሳገለግል ብዙ የሐዘን ቤት ገብቻለሁ። ከሁሉ የማይረሳኝን ልንገራችሁ። አንድ ወንድማችን በድንገት ታመመ። ከባለቤቱ ጋር 19 ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የሚኖሩበትን ቤት እርሱ ከመጋባታቸው በፊት በስሙ ሠርቶት ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እኔና ሌላ ወንድም ልንጠይቀው በሄድንበት ቀን እጄን ይዞ «ቤቱ የእርስዋ ነው፤ እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ» አለን። በማግሥቱ ወደ ጌታ ሄደ።

የአርባው ቀን እንዳለፈ ወንድሞቹና እህቶቹ መጡ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሁለቱ አማኞች ናቸው። ታላቅየው አንገቱን ደፍቶ «እህቴ፣ ሕጉ ነው፤ እኛስ ምን እናድርግ» አላት። እውነትም ሕጉ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት አንድ ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት መጀመሪያ ልጆቹ ይወርሱታል፤ ልጅ ከሌለው ወላጆቹ፣ እነርሱም በሕይወት ከሌሉ ወንድሞቹና እህቶቹ። ሚስት ወይም ባል በዚህ ተራ ውስጥ የሉም! በትዳር ያፈራችሁት ሀብት የጋራ ነውና ግማሹ የራሳችሁ ድርሻ ነው፤ የትዳር ጓደኛችሁን ድርሻ ግን በኑዛዜ ካልተዉላችሁ አትወርሱም። ከጋብቻ በፊት የተገኘ የግል ሀብት ከሆነማ የሚከፈል የጋራ ድርሻ እንኳ የለም።

«በቃሉ ተናዝዞ የለ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያንኑ ይዤ ነበር ወደ አንድ የሕግ ባለሙያ የሄድኩት። የቃል ኑዛዜ ሞት በቀረበ ጊዜ በሁለት ምስክሮች ፊት ሊደረግ ይችላል፤ ነገር ግን የሚጸናው ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ስለ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። ቤት በቃል አይተላለፍም። ያቺ እህት ዛሬ በኪራይ ቤት ትኖራለች። ባልዋ ይወድዳት እንደ ነበር የሚጠራጠር አንድም ሰው የለም። አንድ ወረቀት ግን አልነበረም።

ስለዚህ ወረቀቱ ምን ዓይነት እንደሆነ እንነጋገር። ባልና ሚስት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ በመጀመሪያ ይህን ልብ በሉ፦ በአንድ ሰነድ ላይ በጋራ የሚጻፍ ኑዛዜ በሕጋችን ዋጋ የለውም። አንድ ሥጋ ብንሆንም ኑዛዜያችን ሁለት ነው። ባልም የራሱን፣ ሚስትም የራስዋን ትጽፋለች። (ሠርግ ላይ ይህን ብናስተምር ጥሩ ነበር፤ ለኬኩ ከምንጨነቀው በላይ።)

የሚበዛው ሰው የሚያደርገው በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ነው። ይህም ተናዛዡ ወይም ሌላ ሰው ከጻፈው በኋላ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑም በሰነዱ ውስጥ ይጻፋል፤ ወዲያውም ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። «በፊታችን ተነበበ» የምትለዋ ቃል ባለመጻፍዋ ብቻ ኑዛዜ ሊፈርስ ይችላልና ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩአት። ሁለተኛው መንገድ ኑዛዜውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጃችሁ መጻፍ ነው። ኑዛዜ መሆኑን ይናገር፤ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ነገር ግን በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካላስቀመጣችሁት ይፈርሳል። በመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ውስጥ አጣጥፋችሁ የረሳችሁት ወረቀት ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ተመልከቱ። ይህ ሁሉ የአገራችን ሕግ ነው፤ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የምትኖሩ የምትኖሩበትን አገር ሕግ ጠይቁ።

አሁን ወደ ስጦታው ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት እርሱን እንደሆነ አውቃለሁና። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለወንጌል ሥራ፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ለአረጋውያን መርጃ ከንብረታችን ላይ መተው መልካም ነው። ሕጉም ይፈቅዳል። ነገር ግን ቅደም ተከተል አለው። ጌታ ለእግዚአብሔር ሰጥተናል እያሉ አባትና እናታቸውን ባዶ እጃቸውን የሚያስቀሩትን ሰዎች በጽኑ ነው የገሠጻቸው (ማር. 7፥9-13)። ሚስትህን ቤት አልባ አድርገህ ለቤተ ክርስቲያን ቤት ብትሰጥ፣ ያን ቤት የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ልትመረመር ይገባታል። ልጅን መንቀልም ዝም ብሎ አይሆንም፤ በግልጽ ካልተጻፈና አጥጋቢ ምክንያት ካልተሰጠ ፍርድ ቤት አይቀበለውም።

እኛ አገልጋዮችም እንጠንቀቅ። ሕጉ ሕመምተኛውን ላከመ ሐኪም ወይም በመንፈሳዊ ነገር ለረዳው ሰው የተደረገውን የኑዛዜ ስጦታ ፍርድ ቤት እንዲቀንስ ወይም እንዲሰርዝ ሥልጣን ይሰጠዋል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የሰውን ልብ ያውቁ ነበር እላለሁ። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የምንጸልይ ሰዎች የኑዛዜውን ብዕር ባንይዝ ይሻላል።

ስትሰጡ ደግሞ አጥርታችሁ ስጡ። «ለጌታ ሥራ» ብሎ መጻፍ ለጸሎት ይሆናል፤ ለዳኛ ግን ግራ ያጋባል። የተቀባዩን በሕግ የተመዘገበ ሙሉ ስም ጻፉ። ድርጅት ከሆነ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 መሠረት የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ። ብር ከሆነ መጠኑን ወይም ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ ግለጹ። እኔ ስንት እጅ እንደሆነ መጻፉን እመርጣለሁ፤ የብር ዋጋ በየዓመቱ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናልና። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትተዉት ቤቱንና በይዞታው ላይ ያላችሁን መብት ነው።

በእኛ ቤት ነገሩ የተጀመረው በባለቤቴ ነው። ከዚያች እህት ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «እኛስ?» አለችኝ። ሦስት ምሽት ተነጋገርን። በመጀመሪያው ምሽት እናቴን ማን እንደሚጦር ሳንስማማ ተኛን። በሁለተኛው ቤቱን ለተረፈው ለአንዳችን፣ ከዚያም ለልጆቹ እኩል እንዲሆን ወሰንን፤ ጸልየንም ከአሥር አንዱን ለስጦታ ለየን። በሦስተኛው ምሽት ልጆቹን ጠርተን ነገርናቸው። ትልቅዋ አለቀሰች፤ ትንሹ «ቴሌቪዥኑስ?» ብሎ አሳቀን።

የእኔ አሥራት የወንጌል መልእክተኞችን ለሚያሠለጥን የአጥቢያችን አገልግሎት ነው። ባለቤቴ ግን የእርስዋን ለማን እንደተወች አልነገረችኝም። «ሕጉ ለየብቻ ነው አላልክም?» ትለኛለች። ኑዛዜዋ የተቀመጠበትን ቦታ አውቃለሁ፤ ምስክሮችዋንም አውቃቸዋለሁ። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።