ገል የምናጥብበት ክረምት

የውጭ አገር ተማሪዎች «አርኪዮሎጂን በሰመር ወጥተን ነው የምንማረው» ሲሉ ስሰማ ፈገግ እላለሁ። የእነሱ ሰመር የእኛ ክረምት ነዋ! በሐምሌ ወገራ ላይ ጉድጓድ የከፈተ ሰው ውኃ ሲቀዳ ይከርማል። እኛ በበጋ ቆፍረን ገሉን በክረምት እናጥባለን።

ተማሪዎቼ የክረምቱን ሥራ አይወዱትም። ቁፋሮ ላይ ፎቶ አለ፤ እዚህ ያለው ሳፋ፣ የጥርስ ብሩሽና የጎንደር ቀዝቃዛ ውኃ ነው። በሦስተኛው ቀን «መምህር፣ ይሄ ሁሉ ስብርባሪ ምን ይሠራልናል?» የሚል አይጠፋም።

አምና አንዲት ልጅ ጠፍጣፋ ገል አንስታ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና «ይሄማ ምጣድ ነው» አለች። ከላይ የለሰለሰ፣ ከታች ጥላሸት የጠጣ። እናቷ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ እያየች ነው ያደገችው፤ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ይህን ከየት አምጥቶ ይነግራታል? ከዚያ ወዲያ ክርክር ሆነ፦ የጋን አፍ ነው፣ የለም የእንስራ ነው። (እኔም ተረትቻለሁ።)

በጥቃቅን ነገር ላይ መታገሥ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ሽንፋን ተመልከቱ፤ ምዕራብ ጎንደር፣ ቆላው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ74,000 ዓመት በፊት በሽንፋ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች ወንዙ ሲጎድል ዓሣ ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። ዘመኑን የነገረን ከኢንዶኔዥያው የቶባ እሳተ ገሞራ በንፋስ የመጣ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ብናኝ ነው። በአካፋ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ቤተ ሙከራ ተቀምጦ አፈር መልቀም ይጠይቃል። አርኪዮሎጂስቷ ጆአን ዶምብሮቭስኪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጣና በስተምሥራቅ ካሉ ዋሻዎች ያገኘችው ከ2,000 ዓመት በላይ የቆየ ገብስና ሽምብራም ችኩል ሰው ከአፈሩ ጋር የሚደፋው ነበር።

ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምቆጣው በአንድ ነገር ነው፦ ከረጢቱ ላይ የተገኘበት ቦታና ጥልቀት ካልተጻፈ ገሉ ከመንገድ ጠጠር አይሻልም።

ለዚህም ነው እናንተን ቤት የምትሠሩትን የማስቸግረው። አዘዞ፣ የማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአፄ ሱስንዮስን የገነተ ኢየሱስ ግቢ በቆፈሩበት ሰፈር፣ በየቦታው ቤት እየተሠራ ነው። መሠረት ስታስቆፍሩ ገል ወይም በኖራ የተገነባ የድንጋይ ግንብ ከወጣ እባካችሁ አትበትኑት፤ ቦታውን ሳትነኩ ለጎንደር ከተማ ባህልና ቱሪዝም ንገሩ። ማጠቡን ለእኛ ተዉት።